ዳይክ ማርሽ በማርች፦ መጀመሪያ የውሃውን ሰዓት እዩ

ዲሲ አካባቢ ለምትኖሩ፣ በክረምቱ መውጫ ወፍ ለማየት ዳይክ ማርሽን የሚያህል ቅርብ ቦታ የለም። ከአሌክሳንድሪያ ኦልድ ታውን በስተደቡብ ፖቶማክ ዳር ያለ ረግረግ ነው። መኪናችሁን ቤል ሄቨን ፓርክ በነጻ አቁማችሁ በሃውል ሮድ በእግር ትገባላችሁ።

ብዙ ሰው በተመቸው ሰዓት ይሄድና «ምንም የለም» ብሎ ይመለሳል። ውሃው ጨው ባይኖረውም የባሕሩ ሙላትና ጉድለት እስከዚህ ይደርሳል፤ በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል፣ ልዩነቱም 3 ጫማ ገደማ ነው። ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ስለሚዘገይ፣ ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት ጭቃ የነበረው በዚህ ቅዳሜ በዚያው ሰዓት ውሃ ነው። የኖአን (የአሜሪካ የውቅያኖስና የአየር መሥሪያ ቤት፣ NOAA) የዋሽንግተን የውሃ ሙላትና ጉድለት ትንበያ አይታችሁ ውሃው ጨርሶ ከሚጎድልበት ሰዓት አንድ ሰዓት ተኩል ቀድማችሁ ድረሱ። ጭቃው ገና ብቅ ሲል ሽመላውም የባሕር ወፎቹም ጠርዙ ላይ ይሰለፋሉ።

ትንበያውን የሚያሳስተው ነፋስ ነው። ከሰሜን ምዕራብ በርትቶ ሲነፍስ ውሃውን ወደ ቼሳፒክ የባሕር ወሽመጥ ይገፋና ከተባለው በታች ይወርዳል፤ ከደቡብ ሲነፍስ ተቃራኒው ነው። ላይኛው ፖቶማክ ከባድ ዝናብ ከጣለም ጭቃው ጨርሶ ላይታይ ይችላል።

ወንዙ በስተምሥራቅ ስለሆነ ጠዋት ፀሐይዋ ዓይናችሁ ውስጥ ትገባለች፤ ዳክዬው ሁሉ ጥቁር ጥላ ይሆንባችኋል። ለውሃው ከሰዓት በኋላ ይሻላል፣ ለዘማሪ ወፎች ጠዋት። ደረቁ ፊላ ጫፍ ላይ ቆሞ ቀይ ትከሻውን እየነፋ የሚጮኸው ጥቁር ወፍ ወንዱ ነው፤ ሴቶቹ ዘግይተው ይመጣሉ።

የማርች ዋናው እንግዳ ኦስፕሬይ የሚባለው ዓሣ አዳኝ ወፍ ነው። ከደቡብ አሜሪካ ተመልሶ በወሩ አጋማሽ ገደማ ይደርሳል፣ አብዛኛውን ጊዜ ወንዱ ቀድሞ። ውሃ ውስጥ በተተከሉ ምሰሶዎችና በመርከብ ምልክቶች ላይ የአምናውን ጎጆ ፈልጉ። ዓሣ ሲይዝ እግሩን አስቀድሞ ይወረወራል፤ የውጪው ጣቱ ወደኋላ ስለሚዞር ዓሣውን በሁለት ጣት ከፊት፣ በሁለት ከኋላ ይጨብጣል። ሲበር የዓሣውን ጭንቅላት ወደፊት አዙሮ ይሸከመዋል።

ባልድ ኢግል ከሚባለው ባለ ነጭ ራስ ንስር ጋር አታምታቱት። ኦስፕሬይ ከስር ነጭ ነው፣ ክንፉ አንጓው ላይ ይታጠፋል፣ ዓይኑን ጥቁር መስመር ያቋርጠዋል። ኢግሉ ክንፉን እንደ ሳንቃ ዘርግቶ ይንሳፈፋል። ሐዋሳ ላይ የምናውቀውን ዓሣ በል ንስር ያስታውሳችሁ ይሆናል፤ የዚያኛው ነጭ ግን ደረቱን ይሸፍናል፣ የዚህ አንገቱ ላይ ያበቃል። ነጩ ራስ እስኪወጣ አምስት ዓመት ያህል ስለሚፈጅ ሙሉ ቡናማውን ሌላ ወፍ አድርጋችሁ አትመዝግቡት።

የሩቅ ማያ መነጽር (ባይኖኩላር) 8×42፣ ማለትም 8 እጥፍ የሚያቀርብ ባለ 42 ሚሊሜትር የፊት ሌንስ፣ ይበቃል፤ 10× እጅ ሲንቀጠቀጥ ያስቸግራል። የቀኙን ሌንስ ሸፍናችሁ በመሃሉ መዘውር የግራውን አጥሩ፤ ቀጥሎ የግራውን ሸፍናችሁ የቀኙን ቀለበት ብቻ አዙሩ። ይህን ያልሠራ ሰው መነጽሩን ያማርራል።

መዥገር ቅዝቃዜው ትንሽ ሲላላ ይነሳል። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፣ ከሣሩ ራቁ። ተጣብቆ ካገኛችሁት ቅባትም ክብሪትም አያስፈልግም፤ በቀጭን ወረንጦ ከቆዳው አስጠግታችሁ ይዛችሁ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት።