ከግድግዳው ወዲያ

ያደግኩት ሽሮ ሜዳ ነው። ቤታችንንና የሸማኔዎቹን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነበር። ማታ ስተኛ የመወርወሪያው ድምፅ ይሰማኛል። ጠዋት ስነሳም አለ። ከግድግዳው ወዲያ በዕድሜ እኩያዬ የሚሆን ልጅ ነበር። ከዶርዜ እንደመጣ አውቃለሁ። እኔ ደብተሬን ይዤ ስወጣ እሱ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ ከትቶ ይሸምናል። ለምን እንደማይማር አንድም ቀን አልጠየቅኩትም።

ባለፈው ጥቅምት ዶርዜ የሄድኩት ግን እሱን አስቤ አልነበረም። የዩኒቨርሲቲ ጓደኛዬ እዚያ አንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሶሻል ታስተምራለች። «መደርደሪያ አለን፣ መጽሐፍ የለንም» አለችኝ በስልክ። ከዘመድም ከጓደኛም አሰባሰብኩና አንድ ካርቶን ሞላሁ። የሥራ ፈቃዴንም ሞላሁ።

ከአዲስ አበባ የተነሳነው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ነው። ቡታጅራን፣ ሆሳዕናን በእንቅልፍ አለፍኳቸው። ሶዶ ምሳ በላን። አርባ ምንጭ ስንገባ 10 ሰዓት ሆኖ ነበር።

ያቺን ሌሊት አልረሳትም። ሲቀላ በ600 ብር አልጋ ያዝኩ። አጎበሩ ቀዳዳ ነው። መብራት ጠፍቶ ማራገቢያው ቆሟል። መስኮቱን ብከፍት ቢምቢ፣ ብዘጋው ወበቅ። እኔ የእንጦጦ ሥር ልጅ ነኝ፤ በሐምሌ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቤ ነው ያደግኩት። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተነስቼ በቀዝቃዛ ውኃ ታጠብኩና አልጋው ላይ ተቀምጬ ንጋቱን ጠበቅኩ። ማታ የበላሁት የጫሞ አሳ ጉላሽ ባይኖር አርባ ምንጭን ተቀይሜ እወጣ ነበር።

ጠዋት ደግሞ የሚኒባሱ ረዳት ለካርቶኑ ብቻ 200 ብር አለኝ። የሰው ሒሳብ ማለት ነው። ተከራከርኩ፤ አልሰማኝም፤ ከፈልኩ። አጠገቤ የተቀመጡ እናት ዝም ብለው ሲያዩ ቆዩና «ምንድን ነው የያዝሽው ልጄ?» አሉኝ። መጽሐፍ ነው፣ ለትምህርት ቤት ነው አልኳቸው። ወደ ረዳቱ ዞረው በጋሞኛ ምን እንዳሉት አላውቅም። ብቻ መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ወደ እሱ ዞረ። 150ውን መለሰልኝ። ሴትየዋ ከዚያ በኋላ አንድ ቃል ሳይጨምሩ ዶርዜ ድረስ ተኙ።

መንገዱ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ እየተጠማዘዘ ሽቅብ ይወጣል። ዝቅ ብለው ሲያዩ ሁለቱ ሐይቆች አሉ። አባያ ወተት የገባበት ሻይ ይመስላል፤ ጫሞ ሰማያዊ ነው። መሐላቸው የእግዜር ድልድይ የሚሉት ደጋማ መሬት ተጋድሟል። ከዚያ ሙዙና ማንጎው ያልቅና ቀርከሃና እንሰት ይተካል። ጉሙ መጣ፤ ብርዱም መጣ። ሹራቤን ሳወጣ በጣም ደስ አለኝ፤ የሰፈሬ ብርድ ነው።

ጓደኛዬ መንገድ ዳር ቆማ ጠበቀችኝ። ካርቶኑን ሁለት ልጆች በእንጨት ላይ አንጠልጥለው ተሸከሙልኝ። በሩ ላይ ያገኘነው ጥበቃውን ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋቢ የለበሱ፣ ሃምሳን ያለፉ ሰው። በሩ አጠገብ ካለው ዛፍ ላይ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ተሰቅሏል። ደወሉ እሱ ነው። የሚደውሉት እሳቸው ናቸው፣ በብረት።

ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ሽሮ ሜዳ አልኩ።

«ሽሮ ሜዳ ከየት በኩል?»

«ከገበያው በላይ፣ ወደ እንጦጦ ማርያም መውጫው።»

ብረቱን አስቀመጡና እጄን በሁለት እጃቸው ያዙት። «እኔም የዚያ ሰፈር ሰው ነኝ» አሉኝ። ዘጠኝ ዓመታቸው ሳለ፣ በደርግ ጊዜ፣ አጎታቸው ወስዷቸው ሽሮ ሜዳ ሸምነዋል። የቦኖውን ውኃ ወረፋ ያስታውሳሉ። ፊደል የቆጠሩት ማታ ማታ ቀበሌ ውስጥ፣ በመሠረተ ትምህርት ነው። «ቀን እጄ ይሠራል፣ ማታ ዓይኔ ይተኛል። ግን ስሜን መጻፍ ቻልኩ» አሉ። ከዚያ ሰዓቱ ደረሰና ደወሉ።

ሰልፉ ላይ ርዕሰ መምህሩ «እንግዳ አለን» ብለው አስተዋወቁኝ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ባንዲራው ወጣ። ሚኒሚዲያው ማይክ የለውም፤ የሰባተኛ ክፍል ልጅ ድንጋይ ላይ ቆማ የቀኑን ዜና ጮክ ብላ አነበበች። የመጨረሻው ዜናዋ «ዛሬ አምስተኛ ክፍል ጠመኔ አልቋል» የሚል ነበር። እኔ በተማርኩበት ትምህርት ቤት ሚኒሚዲያው ድምፅ ማጉያ ነበረው፤ የሚያሰማን ግን ዘፈን ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን አራተኛ ክፍል ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ትምህርቱ በጋሞኛ ነው። መምህሯ ክፍልፋይ ታስተምራለች፣ እኔ አንድ ቃል አይገባኝም። አጠገቤ ያለችው ልጅ ግራ መጋባቴን አየችና በጆሮዬ በአማርኛ ትተረጉምልኝ ጀመር። «አንድ ቆጮ ለአራት ተካፈለ አለች... ሁለቱ ተበላ አለች...» እኔ በአፍ መፍቻዬ ተምሬ፣ በአፍ መፍቻዬ እየሠራሁ እኖራለሁ። ሰው ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ሳይገባው ሲቀር ምን እንደሚሰማው ያን ዕለት ነው ያየሁት። ያቺ ልጅ ባትኖር እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር።

ምሳ ከመምህራኑ ጋር በላሁ። ቆጮ በዳጣ። ዳጣው አፍ ያቃጥላል፣ እጅ ግን አይመልስም። መምህራኑ ከየቦታው ናቸው። የሒሳቡ መምህር የጎጃም ሰው ነው። ለሁለት ዓመት ብሎ መጥቶ ዘጠነኛ ዓመቱን ይዟል። ከአገሩ ሰው ይልቅ በጋሞኛ ይቀልዳል እያሉ ይስቁበታል። የጽዳት ሠራተኛዋ ቡና አፈሉ። እሳቸው ያልቀመሱት ሲኒ ላይ ማንም እጁን አይዘረጋም። ትልቅ ሰው መሆናቸው ነው እንጂ ሥራቸው አይቆጠርም። በመሥሪያ ቤታችን ቡና የምታፈላውን ሴት ስም የማያውቅ ሰው ሞልቷል። ይህን ሳስብ ከፋኝ።

ከሰዓት በኋላ ስምንተኛ ክፍል ገባሁ። ጓደኛዬ «ጠይቋት» አለቻቸው። እነሱ ሳይጠይቁኝ እኔ ጠየቅኩ። «ሽሮ ሜዳን የሚያውቅ አለ?» ከሞላ ጎደል ሁሉም እጅ ወጣ። አንዷ «አባቴ እዚያ ነው»፣ አንዱ «ወንድሜ»፣ ሌላው «ሁለት አጎቶቼ» አለ። እኔ ዶርዜን በሸማ ብቻ ነው የማውቀው፤ እነሱ ሰፈሬን በሰው ያውቁታል። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «ቲቸር፣ ትልቁ ወንድሜን ታውቂዋለሽ?» አለኝ። አላውቀውም አልኩ። አንገቱን ደፋ።

ያኔ ነው ባዶዎቹን ቦታዎች ያየኋቸው። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ልጆች ተጨናንቀው፣ ከጎናቸው ያለው ዴስክ ላይ አንድ ልጅ ብቻውን ተቀምጧል። ለምን አትጠጉም አልኩ። የክፍል አለቃዋ «የእነሱ ቦታ ነው፣ ይመጣሉ» አለች።

ጓደኛዬ በኋላ የስም መቆጣጠሪያውን አሳየችኝ። ከመስቀል በፊት ያለው ገጽ ንጹሕ ነው። ከመስቀል በኋላ በአንዳንድ ስሞች ትይዩ በቀይ እስክሪብቶ «ቀ» «ቀ» «ቀ» እስከ ገጹ ዳር ይሄዳል። መስቀል ለጋሞ ሰው የዓመቱ ትልቁ በዓል ነው። አዲስ አበባ ያለው ሸማኔ ሁሉ ለበዓሉ አገሩ ይገባል፤ ልብስ ይዞ፣ ስጦታ ይዞ። ሲመለስ ደግሞ ልጅ ይዞ የሚመለስ አለ። የወንድም ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ። አስተምረዋለሁ ብሎ ነው የሚወስደው። ልጁም ከተማ ለማየት ጓጉቶ ነው የሚሄደው። ርዕሰ መምህሩ «ሌላው አገር ከበዓል በኋላ የሚቆጥረው ዕዳውን ነው። እኛ ልጆቻችንን እንቆጥራለን» አሉኝ።

ለዚህ ነው መምህራኑ ጥቅምትን በእግራቸው የሚጨርሱት። ከወላጅ መምህር ኅብረት አንድ ሽማግሌ፣ አንድ መምህር፣ እና ሁልጊዜ ጥበቃው። ደወሉን ለጽዳት ሠራተኛዋ ሰጥተው ይሄዳሉ። ለምን እሳቸው? አልኩ። «መምህር ሲናገር ሥራው ነው ይባላል። እሳቸው ሲናገሩ ግን ሰዉ ይሰማል» አለኝ የሒሳቡ መምህር።

ማክሰኞ ከሰዓት አብሬያቸው ሄድኩ። በእንሰቱ መሐል ባለች ቀጭን መንገድ ወደ አንድ ቤት ወረድን። የዶርዜ ቤት ከቀርከሃ ተፈትሎ የሚሠራ ነው፤ ፊቱ የዝሆን ግንባር ይመስላል። እግሩን ምስጥ ሲበላው ከሥር እየቆረጡት ያጥራል። ይሄኛው አጥሯል፤ ጎንበስ ብለን ገባን።

ልጁ በሩ አጠገብ ይሸምን ነበር። የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነው። ገና ስላልተወሰደ ነው የቸኮሉት፤ አጎቱ ቅዳሜ ይሄዳል ተብሏል። ሲያየን አላቆመም። እግሩ ጉድጓዱ ውስጥ መርገጫውን አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ይጫናል። ድሩ ይከፈታል፣ መወርወሪያው በመሐሉ ይሾልካል፣ በሌላው እጁ ይቀልበዋል፣ ማጉን ይመታዋል። ድምፁ ያው ነው። የቤቴ ግድግዳ ድምፅ። በሕይወቴ ስሰማው የኖርኩትን ነገር ከዚያ በፊት ቁጭ ብዬ አይቼው አላውቅም። የቀኝ አውራ ጣቱ ጎን እንደ ተረከዝ ጠጥሯል። ጥለቱ ግን! ቢጫ፣ ጥቁርና ቀይ፣ አንድም ክር አልተሳሳተም።

አባቱ ክፉ ሰው አይደሉም። በርጩማ አወጡ፣ ተቀመጡ አሉን። ከዚያ በአማርኛ፣ ለእኔም እንዲገባኝ ይመስለኛል፣ ተናገሩ። «በ2015 ዓ.ም. አሥራ ሁለተኛ ክፍል ከተፈተነው ስንት አለፈ? ከመቶ ሦስት ልጅ ነው አሉ በሬዲዮ። የእኔ ልጅ ከሦስቱ አንዱ ይሆናል? ሽመና ግን ማንንም አይጥልም።»

ቁጥሩ ልክ ነው። ያለፉት 3.2 በመቶ ነበሩ። መምህሩ ምንም ሳይመልስ መሬት አየ። እኔም መልስ አልነበረኝም።

ጥበቃው ናቸው የመለሱት። ስለ ፈተና አላነሱም። እጃቸውን ዘረጉና አውራ ጣታቸውን አሳዩ። ከዚያ በጋሞኛ ለረጅም ጊዜ ተናገሩ። ጓደኛዬ የያዘችውን ያህል ነገረችኝ። አባታቸው ሲሞቱ መርዶው አዲስ አበባ ከሁለት ወር በኋላ እንደደረሳቸው፣ ሲመለሱ እናታቸው ድምፃቸውን እንዳላወቁት። ሽመናውን እንደማይንቁት፣ ልጃቸውንም እንዳስተማሩት፤ ግን እዚሁ፣ በገዛ ቤታቸው፣ ከትምህርት መልስ።

ሽማግሌው በመጨረሻ ተነሱ። ከደጅ እርጥብ ሣር ነጭተው መጡ። ሣር የያዙ የጋሞ አባቶችን ከዚያ በፊት ያየሁት በቴሌቪዥን ነው። በ2011 መስከረም፣ የጋሞ ተወላጆች ከተገደሉበት ከቡራዩው ግድያ በኋላ፣ አርባ ምንጭ ላይ ለበቀል የወጣውን ወጣት ተንበርክከው ያቆሙት ጊዜ። ሣር ይዞ የሚለምን አባት አይታለፍም። እዚህ ጭስ የጠጣ ቤት ውስጥ፣ ለአንድ ልጅ ሲባል ሣር ሲያዝ ማየት ሌላ ነው። አባትየው ብድግ አሉና ሣሩን ተቀበሉ። ስምምነቱ አጭር ነበር። ቅዳሜ አይሄድም። ጠዋት ይማራል፣ ከሰዓት ይሸምናል።

ልጁ በዚህ ሁሉ መሐል ሥራውን አላቆመም ነበር። አባቱ ሣሩን ሲቀበሉ ግን መወርወሪያው ለአፍታ ዝም አለ።

ረቡዕ ሰልፉ ላይ ፈለግኩት፤ የለም። ሐሙስ ደወል ከተደወለ በኋላ በሩ ጋ ቆሞ አየሁት፣ ደብተሩን በፌስታል ይዞ። ለዘገየ በሩ አይከፈትም፤ የትምህርት ቤቱ ደንብ ነው። ጥበቃው ግራ ቀኝ አዩና ከፈቱለት።

ሌላው ቀን መጽሐፍ በመደርደር አለቀ። ካርቶኑ አንድ መደርደሪያ ተኩል ሞላ። ጨንቻ ወጥቼ ፖም ገዛሁ፣ ኪሎውን በስንት እንደሆነ አላስታውስም። ጣፋጭ ነበር።

ልወጣ ስል የክፍል ኃላፊዋ አንድ ካርድ አመጣችልኝ። የዓምና የሰባተኛ ክፍል ካርድ ነው። አማካዩ 84፣ ከክፍሉ ሁለተኛ። የዚያ ባዶ ዴስክ ባለቤት ነው። ልጁ ለመስቀል ከመጣ አጎቱ ጋር ሄዷል። ካርዱን ሳይወስድ። ከካርዱ ጀርባ በእርሳስ ስልክ ቁጥር ተጽፏል። «ሽሮ ሜዳ ነው ያለው። ካርዱን ካገኘ ማታም ቢሆን መመዝገብ ይችላል» አለችኝ። ጥበቃው ቦርሳዬን እስከ መንገዱ ያዙልኝ። «አጎቱን አትቆጪው። መጀመሪያ ቡና ጠጪ» አሉኝ።

አዲስ አበባ በገባሁ ማግሥት ደወልኩ። አጎትየው መጀመሪያ ተጠራጠረ። የጥበቃውን ስም ስጠራለት ድምፁ ተለወጠ። ቤቱ ከእኛ ቤት በእግር ሰባት ደቂቃ ነው። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነይ ብሎኛል። ካርዱ እንዳይጨማደድ ሁለት መጽሐፍ መሐል አስቀምጬዋለሁ።