የጎፍን ከታች ሳየው

ኮምቦልቻ ተወልጄ አድጌ የጎፍ ደን ገብቼ አላውቅም ነበር። ያሳፍራል፣ ግን እንዲያ ነው። ተራራው ከከተማችን ራስጌ ስለተቀመጠ ጠዋት ደጅ ስወጣ እሱን አያለሁ። ጫፉን ጉም ከተጫነው እናቴ ያሰጣችውን ልብስ ታስገባለች። ለእኛ ቤት የጎፍ የአየር ትንበያ ነበር፤ የሚኬድበት ቦታ መሆኑ ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ያስወጣኝ የደሴ ጓደኛዬ ነው። ቅዳሜ በማለዳ ወፍራም ጃኬቱን ደርቦ፣ ሐረጎን ቁልቁል ወርዶ መጣ። ደሴ 2500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ 1850 አካባቢ። በ25 ኪሎ ሜትር መንገድ ከጋቢ ወደ ቲሸርት ነው የሚወረደው። ጃኬቱን አውልቆ ወገቡ ላይ አሰረው፣ አፉ ግን አላረፈም። «የእኛ ተራራ ጦሳ እያለ ስለ የጎፍ ይወራል እንዴ?» ደሴዎች እንዲህ ናቸው።

የታችኛውን ክፍል አልወደድኩትም። ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ነው። ከስሩ ደረቅ ቅጠል ብቻ። ወፍ እንኳ እምብዛም አይሰማም። ከፍ እያልን ስንሄድ ግን ወይራውና የሐበሻ ጥዱ መጡ። የጥዱ ልጥ በረጅሙ ተሰንጥቆ ይላጣል። ቅርንጫፉ ላይ የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሏል፤ ስሙን ያወጣለት ሰው አይቶ ነው ያወጣው። አንዲት ሶሪት ከላያችን ተነስታ በረረች። ተቀምጣ አረንጓዴ የነበረችው ወፍ ክንፏን ስትዘረጋ ደም መሰለች። ያ ቀይ ቀለም ከመዳብ የተሠራ ነው ሲባል አንብቤ ነበር። ለጓደኛዬ ብነግረው አላመነኝም።

መንገዱ ዳር አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አገኘንና ተቀመጥን። ጠርዙ እንደ ወፍጮ መጅ ለስልሷል። ምን እንዲህ እንዳለሰለሰው ሳይገባኝ ብስኩቴን ስበላ፣ አንዲት እናት ጭራሮ ተሸክመው ከላይ ወረዱ። ተነሳንላቸው። ጀርባቸውን ለድንጋዩ ሰጥተው ሸክሙን ጠርዙ ላይ አሳረፉት። ልክክ አለ።

ጓደኛዬ ስለ ደን ጭፍጨፋ ቀስ ብሎ በጆሮዬ ጀመረኝ። ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም፤ ከታች የተራቆተውን ቦታ አይተናል። ግን መብራት በጠፋ ቁጥር እናቴ እንጀራ የምትጋግረው በምን ሆነና? ሴትዮዋ ትንሽ እንዳረፉ ገመዱ ላልቶ ሸክሙ ወደ አንድ ጎን ተንሸራተተ። አውርደው እንደገና አሰሩት።

«ልጄ፣ በሞቴ አሸክመኝ።»

ብቻዬን ላነሳው ሞከርኩ። ከጉልበቴ አላለፈም። ጓደኛዬ መጣና ለሁለት አነሳነው። እሳቸው ገመዱን ደረታቸው ላይ አጠበቁና ቀጥ ብለው ተነሱ። «እማማ፣ አይከብድዎትም?» አልኳቸው። ሞኝ ጥያቄ! ሳቁብኝ። ከጭራሮው መሃል የሻጧትን አደስ መዘው ሰጡኝና ወረዱ። ጓደኛዬ ከዚያ በኋላ ስለ ደን ምንም አላወራም፣ ስለ ጦሳም ጭምር።

ከላይ ሆነን የቦርከናን ወንዝ አየን፣ የአውሮፕላን ማረፊያውንም። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ጣሪያዎች በፀሐይ ያብለጨልጫሉ። የእኛን ሰፈር ፈልጌ አጣሁት።

ማታ አደሷን ለእናቴ ሰጠኋት። በመዳፏ አሸት አድርጋ አሸተተቻትና ዝም አለች። ቅቤዋ ውስጥ ልትጨምራት መስሎኝ ነበር።

«ማረፊያው ድንጋይ አሁንም አለ?» አለችኝ።

«የቱ?»

«ጠፍጣፋው። ልጅ ሆነን ከእህቶቼ ጋር እንጨት ለቅመን ስንመለስ ሸክም የምናስደግፍበት።»

በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን ነግራኝ አታውቅም። እኔም ጠይቄያት አላውቅም። አለ አልኳት። ብስኩት እየበላሁ የተቀመጥኩበት መሆኑን ግን አልነገርኳትም።