ያልጠየቅኳት ልጅ

የዛሬ ሁለት ዓመት ሐምሌ ላይ ነው፤ አሜሪካ፣ ሚኒሶታ። የምሠራበት የእንስሳት ክሊኒክ በየዓመቱ ለካውንቲ ፌር፣ ማለትም ለአካባቢው የእርሻና የእንስሳት ትርኢት፣ ሐኪም ይመድባል። እኔም ረዳት ስለሆንኩ አብሬ እሄዳለሁ። ሙያውን የተማርኩት ቢሾፍቱ ነው። ከበግና ከፍየል ጋር ስውል ደስ ይለኛል፤ ያንን ሳምንት ዓመቱን ሙሉ ነው የምጠብቀው።

ፌሩን ላላየ ሰው ትንሽ ልንገረው። በአንድ በኩል የሚሽከረከር መጫወቻና የተጠበሰ ምግብ አለ። በሌላ በኩል በረቶቹ ናቸው። ልጆች ለወራት ያሳደጉትን ጠቦት፣ ጥጃ፣ አሳማ፣ ጥንቸል ይዘው ይመጣሉ። ቤተሰቡ ደግሞ ሳምንቱን እዚያው ያድራል። እናት ተጎታች ቤት ውስጥ ቁርስ ትሠራለች። አያት ጋጣው ፊት ታጣፊ ወንበር ላይ ተቀምጠው አላፊ አግዳሚውን ያዋራሉ። ትንንሾቹን ሰጋቱራው ላይ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ግን ሁሉም ተነስቶ ውኃ ይቀዳል፣ በረት ይጠርጋል። ይህን ሳይ የአያቴ ግቢ ትዝ ይለኛል።

አብዛኞቹ ልጆች ፎር ኤች (4-H) የሚባል የልጆችና የወጣቶች ክበብ አባላት ናቸው። ክበቡ በ1902 ኦሃዮ ውስጥ የተጀመረ ነው፤ ምልክቱ አረንጓዴ ባለ አራት ቅጠል ማገጥ ነው። ዋናው ነገር እንስሳው የልጁ መሆኑ ነው። የሚመግበው ልጁ፣ የሚያጥበው ልጁ፣ ወጪና ክብደቱን በደብተር የሚመዘግበውም ልጁ ነው። ይህን አውቅ ነበር። ግን ያወቅኩት በወረቀት ላይ ብቻ ኖሯል።

ማክሰኞ የመግቢያ ቀን ነው። ሰልፉ ከሚዛኑ እስከ መኪና ማቆሚያው ደርሷል፤ ሙቀቱ አይጣል ነው። የእኔ ሥራ የጆሮ ቁጥሩን ማየት፣ አፉንና ቆዳውን መፈተሽ፣ ከዚያ ቅጹን መሙላት ነው። አንዲት የ11 ዓመት ግድም ልጅ ፊቱ ጥቁር የሆነ ጠቦት ይዛ ደረሰች። ሚዛን ላይ ሲወጣ 61 ኪሎ። እኛ ቤት ለፋሲካ የሚታረደው በግ እኮ የዚህን ግማሽ ቢመዝን ነው! ጠጉሩ ተሸልቶ ሰውነቱ እንደ ጨርቅ ይለሰልሳል። አራቱም እግሮቹ ላይ፣ ጭቃ እንዳይነካው፣ የሰው ካልሲ አጥልቃለታለች።

ቅጹ ላይ አንድ ጥያቄ አለ፤ በቅርቡ መድኃኒት ወስዷል ወይ የሚል። ቀና ብዬ አባትየውን ጠየቅኳቸው። «የለም፣ ጤነኛ ነው» አሉኝ። ልጅቷ አፏን ከፈት አደረገች። አየኋት። ከዚያ መልሳ ዘጋችው። እኔ ፈረምኩና «ቀጣይ!» አልኩ።

ረቡዕ ማታ ዕቃ እየሰበሰብኩ ሳለ ብቻዋን መጣች። ደብተሯን ደረቷ ላይ አቅፋለች። ገልጣ አንድ መስመር ላይ ጣቷን አሳረፈች። ቀኑ፣ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ የተወጋበት ቦታ ተጽፏል፤ አንገት፣ በቀኝ በኩል። ፔኒሲሊን ነው። ጠቦቱ ሳል ይዞት ሐኪም አዞላቸው ነበር። የመጨረሻው መርፌ የተሰጠው ያለፈው ሳምንት ረቡዕ ነው።

«አባቴ አያውቅም» አለችኝ። «ያኔ በጭነት መኪናው መንገድ ላይ ነበር። የወጋነው እኔና እማዬ ነን። ዛሬ ቀኑን ስቆጥር ጎደለብኝ።»

«ትናንት ለምን አልነገርሽኝም?»

«እኔን አልጠየቁኝም።»

የዚያ ጠርሙስ ጽሑፍ ለበግ 9 ቀን ይላል። መድኃኒቱ ከሥጋው እስኪወጣ መጠበቅ ያለበት ጊዜ ነው። የዚያ ፌር ደንብ ደግሞ ለጨረታ የሚቀርብ እንስሳ በሚዛን ቀን ጊዜውን የጨረሰ መሆን አለበት ይላል። ማክሰኞ ዕለት ገና 6 ቀኑ ነበር። ጨረታው ላይ የሚሸጠው ጠቦት ለመታረድ ነው የሚሄደው። ሥጋው ፔኒሲሊን የማይስማማው ሰው ማዕድ ላይ ሊቀርብ ይችላል። ለዚህ ነው ደንቡ የማያወላዳው፤ እኔም አምንበታለሁ። ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ውስጥ ሲታመም ተወግቶ፣ አልሻለው ሲል ቶሎ የሚታረድ ከብት አይቻለሁ። ቀን የሚቆጥር አልነበረም። ይህች ልጅ ግን ማንም ሳያዛት ቆጥራለች።

አፌን ያስያዘችኝ ግን ያቺ «እኔን አልጠየቁኝም» ያለችው መልሷ ነበረች። እኔ ያደግኩት እንግዳ ሲመጣ ልጅ ዳር በሚቆምበት ቤት ነው። ስለ ልጅ እንኳ ቢጠየቅ የሚመልሰው ትልቅ ሰው ነው። ይህ ለትልቅ ሰው ያለ አክብሮት ነው፤ ዛሬም እወደዋለሁ። ግን ሥራ ላይ ይዤው መጥቼ፣ ዓይኔ በቀጥታ ወደ አባትየው ሄደ። ከእንስሳው ጋር ውሎ የሚያድረው ሰው ፊት ለፊቴ ገመድ ይዞ ቆሞ ነበር።

ለሐኪሟ ሁሉንም ነገርኳት። ልጅቷ አፏን ስትከፍት አይቼ ማለፌንም ጭምር። ኮሚቴው በዚያው ማታ ተሰበሰበ። ጠቦቱ ከክብደት ውድድሩና ከጨረታው ወጣ። ልጅቷ ግን የአያያዝ ውድድሩ ላይ እንድትቀርብ ፈቀዱላት፤ እዚያ የሚዳኘው እንስሳው ሳይሆን ልጁ ነው። አባትየው ኮፍያቸውን አውልቀው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። በሽያጩ ለሚቀጥለው ዓመት ሁለት ጠቦት ሊገዙላት አስበው ነበር። እኔን አልተናገሩኝም። ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። ይቅርታ ጠየቅኳቸው፤ ከዚያ ጎንበስ ብዬ እሷንም ለብቻዋ ይቅርታ ጠየቅኳት።

ሐሙስ ዕለት ከአጥሩ ስር ቆሜ አየኋት። በግ ሜዳው ላይ ያለ ገመድ ነው የሚያዘው። አንድ እጇን አገጩ ስር፣ ሌላውን ከጆሮው ኋላ አድርጋ፣ በጉልበቷ ደረቱን ገፋ ታደርገዋለች። እሱም መልሶ ይገፋታል፤ ያኔ ጡንቻው ሁሉ ይወጠራል። ዳኛው ሲዞር እሷም ትዞራለች፣ ዓይኗ ከዳኛው አይነቀልም። ቀይ ሪባን አገኘች፤ ከሰማያዊው የሚቀጥለውን። አያቷ አለቀሱ።

ቅዳሜ ጨረታው ሲካሄድ ጋጣዋ አጠገብ ሄድኩ። ጠቦቱን እያጠበች ነበር። ወደ ቤቱ ሊመለስ ለምን እንደምታጥበው ጠየቅኳት። «ቆሽሿል» አለችኝ።

በዓመቱ ተመልሼ ሄድኩ። ሐኪሟን አስፈቅጄ ከሚዛኑ አጠገብ አጭር በርጩማ አስቀምጫለሁ፤ ስቀመጥባት ዓይኔ ከልጅ ዓይን ጋር እኩል ይሆናል። የመጀመሪያው ተረኛ ስምንት ዓመት የሚሆነው ልጅ ነበር፣ ትልቅ ነጭ ጥንቸል ታቅፏል። መድኃኒት ሰጥተኸዋል ወይ አልኩት። እናቱ ልትመልስ ስትል በእጄ አንድ ጊዜ ታገሡኝ አልኳት። ልጁ ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ያስብ ጀመር። ከኋላው ሰልፉ ረዝሟል።

ጠበቅኩት።