ከርነል ሲከሽፍ ውሉን ከኮንፊጉ መፈለግ፦ የሦስተኛ ዙር ማስታወሻ

ደብረ ብርሃን፣ ደብረ ሲናና ሸዋ ሮቢት ሆናችሁ የሊኑክስ ከርነልን (የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት) ከምንጭ ኮዱ መገንባት ለምትለማመዱ ሁሉ። በመጀመሪያው ዙር ኮዱን አውርዶ መሣሪያዎቹን ማሰናዳት፣ በሁለተኛው አንድ ሙሉ ግንባታ ከዳር ማድረስ ተሸፍኗል። ይኸኛው ዙር ግንባታው ሲከሽፍ ምክንያቱን ስለማግኘት ነው፤ ያውም ጥፋቱ የኮዱ ሳይሆን የተመረጠው ኦፕሽን በሚሆንበት ጊዜ። የተሠራባቸው ስሪቶች 6.6 እና 6.12 ሲሆኑ መነሻው ከቡት ፎልደር የተቀዳ የኡቡንቱ ኮንፊግ፣ ማለትም ከርነሉ በየትኞቹ ኦፕሽኖች እንደሚገነባ የሚዘረዝረው ፋይል ነው። ፋይሉ ከ10,000 መስመር በላይ ስላለው ከላይ እስከ ታች አንብቦ ጥፋት ማግኘት አይታሰብም።

ግንባታው ሲቆም ስክሪኑ ላይ የሚቀረው «ኤረር 2» የሚል መስመር ነው። ይህ መስመር ከሥር ያለው ሥራ ስለወደቀ የላይኛው ሜክም (ግንባታውን የሚመራው ፕሮግራም) መቆሙን ብቻ ነው የሚናገረው። በ«-ጄ8» ሲገነባ ስምንት ሥራ ባንድ ጊዜ ይሮጣል። አንዱ ሲወድቅ የቀሩት የጀመሩትን እስኪጨርሱ መጻፋቸውን ስለማያቆሙ እውነተኛው ስህተት ከነሱ በላይ ተቀብሮ ይገኛል። የመንዝ ሱፍ ፈታይ ልቃቂት ሲወሳሰብባት ጫፉን ትፈልጋለች እንጂ መሃሉን አትጎትትም። እዚህም ውሉ የመጀመሪያው ስህተት ነው፤ ተከትለው የሚመጡት ሃያና ሠላሳ ስህተቶች አብዛኛውን ጊዜ የሱ ልጆች ናቸው።

ስለዚህ ውጤቱን ስታንዳርድ ኤረሩን ጨምሮ በ«ቲ» ትእዛዝ ወደ ፋይል ማስገባት፣ ከዚያም «ኤረር» የሚለው ቃል ወይም ሦስቱ ኮከብ (***) መጀመሪያ የወጡበትን መስመር በ«ግሬፕ» መፈለግ ነው። የወደቀው ፋይል ከታወቀ ሙሉውን ከርነል እንደገና ማስነሳት አያስፈልግም። የፋይሉን ስም መጨረሻ ከ«.ሲ» ወደ «.ኦ» ለውጦ ለሜክ መስጠት ይበቃል፤ «ቪ=1» ሲጨመርበት ኮምፓይለሩ የተጠራበትን ሙሉ ትእዛዝ ያሳያል። ኮዱ አንዴ ከተሰናዳ በኋላ ይህ ሰከንዶች ብቻ ይወስዳል። መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ይህን መልመድ ትልቅ ነገር ነው።

ከኡቡንቱ ኮንፊግ የሚነሳ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው የሰርተፍኬት ስህተት ነው፤ «ደቢያን/ካኖኒካል-ሰርትስ.ፔም» የሚባለውን ፋይል የሚሠራ ደንብ የለም ብሎ ይቆማል። «ሲስተም ትረስትድ ኪስ» የሚባለው ኦፕሽን የሚጠቁመው የኡቡንቱ የራሱ የግንባታ ማውጫ ውስጥ ያለ ፋይል ነው፤ ከከርነል ዶት ኦርግ በወረደው ኮድ ውስጥ ግን የለም። ኮንፊጉን በሚያስተካክለው «ስክሪፕትስ/ኮንፊግ» በሚባል የከርነሉ ስክሪፕት ዋጋውን ባዶ ጽሑፍ ማድረግ ይፈታዋል። «ሲስተም ሪቮኬሽን ኪስ»ንም አብሮ ባዶ ማድረግ ግድ ነው፤ አለዚያ አንዱ ሲስተካከል በሌላው ይቆማል።

ከዚህ የሚከፋው ግን መጨረሻ ላይ ጠብቆ የሚመጣው ነው። ሁሉም ፋይል ተኮምፓይሎ «ቪኤምሊኑክስ» ሊገጣጠም ሲል በ6.6 «ፓሆል» የለም፣ ወይም ቢቲኤፍ (የቢፒኤፍ መሣሪያዎች የሚያነቡት መረጃ) ማመንጨት አልተቻለም ይላል። «ዲበግ ኢንፎ ቢቲኤፍ» ሲበራ የዲበግ መረጃውን ወደ ቢቲኤፍ የሚቀይረው ፓሆል ነው፤ የሚገኘውም «ድዋርቭስ» በሚባለው ፓኬጅ ነው። ፓሆሉ ከኮምፓይለሩ አንጻር በጣም ካረጀም እዚሁ ቦታ ላይ ይከሽፋል። የቢፒኤፍ መሣሪያዎችን (ከርነሉ ውስጥ ትናንሽ ፕሮግራሞችን የሚያስኬዱትን) ለማይጠቀም ሰው ኦፕሽኑን ማጥፋት ይሻላል። ብዙዎች የሚሳሳቱት «ዲበግ ኢንፎ»ን ብቻ አጥፍተው የጠፋ ሲመስላቸው ነው። ከ5.18 ወዲህ ይህ ኦፕሽን በራሱ አይመረጥም፤ ከድዋርፍ (የዲበግ መረጃ ቅርጽ) ምርጫዎች አንዱ ሲበራ ተከትሎ የሚበራ ነው። ስለዚህ በሚቀጥለው «ሜክ ኦልድዴፍኮንፊግ» (ያልተወሰኑ ኦፕሽኖችን በነባሪ ዋጋ የሚሞላው ትእዛዝ) ተመልሶ ይመጣል። የሚሠራው «ዲበግ ኢንፎ ነን»ን ማብራትና የድዋርፍ ምርጫዎቹን ማጥፋት ነው። የዲስክ ቦታም በብዙ ይቆጥባል፤ ያለ ዲበግ መረጃ ለኮዱና ለግንባታው 12 ጊጋባይት አካባቢ ብዙውን ጊዜ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። አብዛኛው ኦፕሽን ሦስት ዋጋ አለው፦ «ዋይ» ከርነሉ ውስጥ ይካተት፣ «ኤም» ሞጁል ሆኖ ለብቻው ይቀመጥ፣ «ኤን» ጭራሽ አይገንባ። ሞጁል ከርነሉን መጥራት ይችላል፤ ከርነሉ ግን ሞጁል ውስጥ ያለ ፈንክሽንን በስሙ መጥራት አይችልም፤ ሲገጣጠም ሞጁሉ በቦታው የለምና። ማገር በምሰሶ ይታሰራል እንጂ ምሰሶ በማገር አይቆምም። ይህ ሲጣስ ሊንከሩ (የተኮምፓይሉትን ፋይሎች የሚገጣጥመው) «አንዲፋይንድ ረፈረንስ» ብሎ የፈንክሽኑን ስም ይጽፋል።

የኔትወርክ ካርድ ድራይቨሮችን እንውሰድ። ብዙዎቹ ለትክክለኛ ሰዓት ፒቲፒን (የኮምፒውተሮችን ሰዓት በኔትወርክ የሚያስማማውን) ይጠራሉ። የሚከለክል ነገር ሳይኖር ድራይቨሩ ዋይ፣ ፒቲፒ ኤም ሆኖ ሲገኝ «ፒቲፒ_ክሎክ_ሬጂስተር» አልተገኘም ተብሎ ግንባታው ይወድቃል። ምንጩን የመከታተያው መንገድ ሁልጊዜ አንድ ነው። መጀመሪያ የፈንክሽኑን ስም «ኤክስፖርት ሲምቦል» (ፈንክሽኑን ለሞጁሎች ክፍት የሚያደርገው መስመር) ከሚለው ጋር አድርጎ በ«ጊት ግሬፕ» መፈለግ፤ «ድራይቨርስ/ፒቲፒ/ፒቲፒ_ክሎክ.ሲ» ይወጣል። ቀጥሎ እዚያው ፎልደር ያለውን ሜክፋይል መክፈት። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ ፋይሉ በስሙ ከኦፕሽን ጋር አልተያያዘም። «ፒቲፒ.ኦ» በሚባለው ጥቅል ውስጥ ገብቶ ነው፣ ጥቅሉም «ፒቲፒ 1588 ክሎክ» ከሚባለው ኦፕሽን ጋር የተያያዘው። በመጨረሻ «ሜክ ሜኑኮንፊግ» ውስጥ «/» ተጭኖ ይህን ስም መፈለግ፤ አሁን ያለው ዋጋ፣ የሚደገፍበትና እሱን በግድ የሚያበሩት ኦፕሽኖች ተዘርዝረው ይታያሉ። ከዚያ ሁለቱንም ዋይ ማድረግ ወይም ድራይቨሩን ወደ ኤም ማውረድ ነው።

ለዚህ ዓይነቱ ችግር ከ5.15 ጀምሮ «ፒቲፒ 1588 ክሎክ ኦፕሽናል» የሚባል ኦፕሽን ገብቷል። ፒቲፒ ኤም ከሆነ በሱ የተደገፈ ድራይቨር ዋይ እንዳይሆን ይከለክላል፤ ፒቲፒ ጭራሽ ከሌለ ግን ይፈቅድለታል። ኬኮንፊግን (ኦፕሽኖቹ የሚታወጁበትን ቋንቋ) በደንብ መረዳት የሚፈልግ ሰው እሱን ከፍቶ ቢያነብ ከብዙ ማብራሪያ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ስህተቱን «ሞድፖስት» (ሞጁሎቹን መጨረሻ ላይ የሚፈትሸው ፕሮግራም) ከጻፈውና በቅንፍ ውስጥ «.ኬኦ» ካለ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ ሞጁሉ የሚጠራው ነገር ጨርሶ አልተገነባም ወይም ኤክስፖርት አልተደረገም። ምንጩን መከታተያው ያው ነው፤ ብዙውን ጊዜ መጨረሻው ላይ የሚገኘው ኤን የሆነ ኦፕሽን ነው።

እንዲህ ያለው መጣረስ ከየት ይመጣል ቢባል አንዱ ምንጭ «ሴሌክት» ነው። ሴሌክት ሌላውን ኦፕሽን የራሱ መደገፊያ ይሟላ አይሟላ ሳያይ በግድ ያበራዋል። ይህ ሲሆን «አንሜት ዳይሬክት ዲፔንደንሲስ» የሚል ማስጠንቀቂያ ገና ኮንፊግ በሚደረግበት ጊዜ ይወጣል። ስክሪኑ ሲሮጥ ሰው ያልፈዋል፤ ከብዙ ደቂቃ በኋላ የሚወድቀው ግንባታ መንስኤው እሱ ሆኖ ይገኛል። ማስጠንቀቂያው ከወጣ ሳያጠፉት ግንባታ አለመጀመር ነው።

ሌላው ምንጭ ኮንፊጉን በጽሑፍ አርታኢ መነካካት ነው። መደገፊያው ያልተሟላ ኦፕሽን ዋይ ተብሎ ቢጻፍ ኦልድዴፍኮንፊግ ምንም ሳይናገር ይሰርዘዋል። በ«#» ጀምሮ «ኢዝ ኖት ሴት» የሚለውም መስመር ተራ ማስታወሻ አይደለም፤ ኤን የሚመዘገበው በሱ ነው። ከተሰረዘ ኦፕሽኑ እንዳልተወሰነ ተቆጥሮ ነባሪ ዋጋውን ይይዛል። ከማንኛውም ለውጥ በፊትና በኋላ ያለውን ኮንፊግ ቅጂ ይዞ በ«ስክሪፕትስ/ዲፍኮንፊግ» ማነጻጸር የተለወጠውን ብቻ ያሳያል።

ስለ «ወርኤረር» ደግሞ ይህን ማወቅ ይጠቅማል። ኦፕሽኑ በ5.15 የገባ ሲሆን የኮምፓይለር ማስጠንቀቂያን ወደ ስህተት ይለውጣል፤ አዲስ ኮምፓይለር በቆየ ኮድ ላይ ሲነሳ ብዙ ጊዜ በዚህ ይወድቃል። ማጥፋት ይቻላል። ያልታወጀ ፈንክሽን የመጥራት ስህተት ግን በከርነሉ ሜክፋይል ለብቻው የታዘዘ ስለሆነ ወርኤረር ቢጠፋም አይለቅም። እሱ ሲመጣ ሄደሩን (የፈንክሽን አዋጆች የሚጻፉበትን ፋይል) ከፍቶ የፈንክሽኑ አዋጅ በየትኛው «ኢፍዴፍ» ውስጥ እንደተከለለ ማየት ነው፤ የጎደለው ኦፕሽን እዚያው ተጽፎ ይገኛል።

የሚሠራ ኮንፊግና የማይሠራ ኮንፊግ እያሉ ጥፋቱ ካልታወቀ ልዩነቱን ለሁለት እየከፈሉ መሞከር ይቻላል። 500 ኦፕሽን ቢለያዩ ወደ 9 ግንባታ ነው። ከርነሉ ራሱ በ«ቱልስ/ቴስቲንግ/ኬቴስት» ሥር «ኮንፊግ-ባይሴክት» የሚባል ስክሪፕት ይዟል። ኦፕሽኖቹ ስለሚደጋገፉ ግማሹ ትክክለኛ ግማሽ ሆኖ አይወጣም፤ ትዕግሥት ይጠይቃል።

የኮንፊግ ያልሆነውንም መለየት ያስፈልጋል። ኮምፓይለሩ «ኪልድ» ተብሎ ከሞተ ሜሞሪ አልቋል፤ የ«-ጄ» ቁጥሩን ዝቅ ማድረግ ነው። መብራት በድንገት ጠፍቶ ከመጣ በኋላ «ፋይል ትራንኬትድ» ወይም «.ሲኤምዲ» ፋይል ላይ «ሚሲንግ ሴፓሬተር» ከተባለ በግማሽ የቀሩ ፋይሎች አሉ። መጠናቸው ዜሮ የሆኑትን «.ኦ» እና «.ሲኤምዲ» ፋይሎች በ«ፋይንድ» ፈልጎ መሰረዝ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ካልበቃ «ሜክ ክሊን»። «ሜክ ኤምአርፕሮፐር» ግን ኮንፊጉንም ስለሚጠርግ ቅጂ ሳይቀመጥ አይነካ። እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣው ኮምፓይለር ጂሲሲ 15 ደግሞ ሌላ ካልታዘዘ በሲ23 (በአዲሱ የሲ ቋንቋ ደረጃ) ስለሚሠራ «ፎልስ» እና «ትሩ» ለሱ ቁልፍ ቃላት ናቸው፤ የቆዩ የከርነል ስሪቶች በዚህ ይወድቃሉ። የዚያኑ ተከታታይ ስሪት አዲሱን ማሻሻያ መያዝ ወይም ወደ ቀድሞው ኮምፓይለር መመለስ ነው። ኮምፓይለር ከተቀየረ ኦልድዴፍኮንፊግ እንደገና ይሂድ፤ አንዳንድ ኦፕሽኖች የሚከፈቱትና የሚዘጉት በኮምፓይለሩ ችሎታ ነውና።

ጊዜ ለማሳጠር «ሜክ ሎካልሞድኮንፊግ» እጅግ ይረዳል፤ በዚያች ደቂቃ የተጫኑትን ሞጁሎች ብቻ ያስቀራል። ትእዛዙን ከመስጠታችሁ በፊት ፍላሽ፣ ዶንግልና ፕሪንተር ሰኩ፤ ኢንተርኔት ከስልክ በዩኤስቢ ገመድ የምትወስዱም ስልኩን አገናኙና ቴዘሪንጉን አብሩ። አለዚያ «አርኤንዲአይኤስ_ሆስት» (የዚህ ግንኙነት ድራይቨር) ከኮንፊጉ ይወጣና አዲሱ ከርነል ሲነሳ ኢንተርኔት አይኖርም፤ ግንባታው ግን አንድም ስህተት ሳያሳይ ያልቃል።

ስህተት ስትልኩ የመጨረሻውን ስክሪን ፎቶ ሳይሆን የመጀመሪያውን ስህተት ከበላዩና ከበታቹ አሥር አሥር መስመር ጋር፣ የዲፍኮንፊጉን ውጤትና የጂሲሲውን ስሪት ላኩ።