ካረጥኩ በኋላ ወገቤን መለካት ጀመርኩ

ወር አበባዬ ከቆመ ወዲህ ኪሎዬ ብዙም አልጨመረም። ቀሚሴ ግን ወገቡ ላይ እምቢ አለኝ። ጎረቤቶቼ "ተመችቶሻል፣ አማረብሽ" ይሉኛል። እኔን አሳሰበኝ። ታላቅ ወንድሜ ወደ ስኳርና ደም ግፊት የገባው ገና በ40ዎቹ መጀመሪያ፣ ከቦርጭ ተነስቶ ነው።

እዚሁ ደሴ ተመረመርኩ። ሐኪሟ ጊዜ ወስዳ አስረዳችኝ። ወንድ ስብ የሚያጠራቅመው ከወጣትነቱ ጀምሮ ሆዱ ላይ ነው፤ ሴት ደግሞ ዳሌና ጭኗ ላይ። ሴቷን የሚያግዛት ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ነው። ስታርጥ ሆርሞኑ ይቀንሳል፣ ስቡም ወደ ሆድ ይዞራል። ስለዚህ ወንዱ ቀድሞ ይጋለጣል፤ ከ50 በኋላ ሴቷ ትደርስበታለች፣ በብዙ ቦታም ትበልጠዋለች። ዕድሜ ደግሞ የሁለቱንም ጡንቻ ይቀንሳል። ከደም ውስጥ ስኳርን በብዛት የሚወስደው ጡንቻ ነው።

ሜታቦሊክ ሲንድሮም፣ ማለትም ለስኳርና ለልብ በሽታ የሚያጋልጥ የችግሮች ጥምረት፣ አለ የሚባለው ከአምስት ነገሮች ሦስቱ ሲገኙ ነው። በባዶ ሆድ የተለካ ስኳር 100 እና ከዚያ በላይ፣ ግፊት የላይኛው 130 ወይም የታችኛው 85 እና ከዚያ በላይ፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው የደም ስብ 150 እና ከዚያ በላይ። እነዚህ ለሁሉም አንድ ናቸው። ኤችዲኤል የሚባለው ጥሩ ኮሌስትሮል ግን ለወንድ ከ40፣ ለሴት ከ50 በታች ሲሆን ይቆጠራል። ወገብ ለወንድ ከ102፣ ለሴት ከ88 ሴንቲሜትር ሲበልጥ ነው፤ 94 እና 80 የሚሉም አሉ። የእኔ ኤችዲኤል 46 ነበር። ለወንድሜ ቢሆን ደህና ነው፤ ለእኔ አነሰ። ከወገቤና ከግፊቴ ጋር ሦስት ሞላ።

ወሎ ተቀምጦ ቡና እምቢ ማለት አይታሰብም። ደግሞ ችግሩ ቡናው አይደለም። ስኳሩንና ለቡና ቁርስ የሚቀርበውን ዳቦ ተውኩ። ከአቦል እስከ በረካ ግን አልነሳም። ጎረቤቶቼ መጀመሪያ "እትዬ፣ ምነው ተቀየምሽን?" አሉኝ። ምክንያቱን ስነግራቸው የልብስ ሰፊ ሜትሬን ተቀባብለው ተለካኩ። በረመዳን ሲጠሩኝ ቴምርና ሾርባ ላይ እበረታለሁ፣ ሳምቡሳ አንድ ይበቃኛል።

ከፒያሳ ወደ ቤቴ ዳገት ነው። ባጃጅ ትቼ በእግሬ መውጣት ጀመርኩ። ለእግር ጡንቻም ጥሩ ነው።

ወገቤ ከ88 በታች ወርዷል፣ ግፊቴም ቀንሷል። ኤችዲኤሉ ብዙም አልተነሳም፤ እሱ ቶሎ የሚጨምር ነገር አይደለም። ኪሎዬ የቀነሰው ትንሽ ነው። ሚዛን ብቻ አይቼ ቢሆን ኖሮ ተስፋ ቆርጬ እተወው ነበር።

ስትለኩ ልብሱን ገልጣችሁ፣ በታችኛው የጎን አጥንትና በዳሌ አጥንት መካከል፣ አየር አስወጥታችሁ ይሁን። ሆድ መሳብ አይሠራም። የወንድሜን ልጅ ገና በ30ዎቹ ሳለ አስለክቼዋለሁ። ታናሽ እህቴን ደግሞ ሳታርጥ ግፊቷንና ስኳሯን እንድትታይ እየወተወትኳት ነው።