አጭር እጅጌ

ዛሬ ከሁለት ዓመት በኋላ አጭር እጅጌ ለብሼ ከቤት ወጣሁ። የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፤ ምክንያቱ የፋሲካ ዋዜማ ከድስት ጋር ስታገል የፈሰሰብኝ የጋለ ዘይት ክንዴ ላይ የተወው ጠባሳ ነው። ያኔ ግቢው ሁሉ ተረባርቦ ኮልጌት ለቀለቀኝ። ቧንቧ ከፍቶ ለ20 ደቂቃ ውኃ ሥር ማቆየት እንደነበረብን የሰማሁት ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ ነው።

ከዚያ ደግሞ ሎሚ። (እባካችሁ ሎሚ ተቀብታችሁ ፀሐይ ላይ አትውጡ፤ እኔን ጭራሽ አጠቆረኝ።) በመጨረሻ የሄድኩባት የቆዳ ሐኪም ቁርጡን ነገረችኝ፦ «ይሳሳል፣ ይለሰልሳል፣ ጨርሶ ግን አይጠፋም።» ሲሊኮን ጄል የሚባል የጠባሳ ቅባት ጠዋትና ማታ ለወራት፣ ቀስ ብሎ ማሸት፣ ስወጣ የፀሐይ መከላከያ። እውነትም ለሰለሰ። ቀለሙም ረጋ አለ። እኔ ግን ረጅም እጅጌዬን አልተውኩም ነበር፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት!

ዛሬ ከመገናኛ ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት አጠገቤ ተቀመጡ። ክንዴን አይተው ዝም አላሉም።

«እሳት ነው የኔ ልጅ?»

«ዘይት ነው እማማ።»

ነጠላቸውን ገለጥ አድርገው የእጃቸውን አንጓ አሳዩኝ። «ይቺ የምጣድ ናት፤ ገና ሙሽራ ሳለሁ። አማቴ አይተው ‹በይ አሁን ባለሙያ ሆንሽ› አሉኝ።» ሁለታችንም በሳቅ ፈረስን፤ ከፊት የተቀመጡት ሁሉ ዞረው አዩን።

ረዳቱ «ሒሳብ!» አለ። በዚያው እጄ ዘረጋሁለት።