ኮምፖነንት ስፒከር ከመግዛታችሁ በፊት የበሩን ሽፋን አውልቁ

ለመኪናው ስፒከር ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ነው?» ብሎ ነው። ሻጩም ካርቶኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን 300 ወይም 500 ያሳየዋል። ያ ቁጥር ለምርጫ ምንም አይረዳም። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት በሩ ምን ያህል ጥልቀት እንደሚችል ነው፤ ቀጥሎ ስፒከሩን የሚነዳው ቴፑ ብቻ ይሁን ወይስ ለብቻው የተገጠመ አምፕሊፋየር (ኃይል ማጉያ) አለ የሚለው ነው። ብራንድና ዋጋ ከዚያ ወዲያ ይምጣ።

ኮምፖነንት የሚባለው ሁለት ሚድባስ (ባሱንና መካከለኛውን ድምፅ የሚያወጣ ትልቁ ስፒከር)፣ ሁለት ትዊተር (ቀጭኑን ድምፅ የሚያወጣ ትንሹ ስፒከር) እና ሁለት ክሮስኦቨር (ድምፁን ለሁለቱ የሚያከፋፍል ሣጥን) ያለው ስብስብ ነው። ኮአክሲያል ደግሞ ትዊተሩ ከትልቁ ስፒከር መሃል ላይ የተገጠመበት ነው። ኮምፖነንት ተጨማሪ ገንዘብ የሚያወጣው ትዊተሩን ለይቶ ወደ ጆሮ ከፍታ ማውጣት ስለሚቻል ነው። ትዊተሩን እዚያው እግር ሥር፣ ከትልቁ ስፒከር ጎን ለማድረግ ካሰባችሁ ትርፉ ቀረ። እንደዚያ ከሆነ በዚያው ዋጋ ጥሩ ኮአክሲያል ግዙ።

አገራችን ውስጥ በብዛት የሚነዱትን ቪትዝና ኮሮላ እንውሰድ። ብዙዎቹ የፊት በራቸው ላይ የ6.5 ኢንች ስፒከር ይቀበላል። ፋብሪካው የገጠመው ስፒከር ግን ከፕላስቲክ መያዣው ጋር አንድ አካል ሆኖ ከበሩ ቆርቆሮ ጋር በሪቬት የተያያዘ ነው። ሪቬቱን በትራፓኖ በስታችሁ ስታወጡት የሚቀረው ቀዳዳ ከአዲሱ ስፒከር ቪቴ ጋር አይገጥምም። ያ ፕላስቲክ ስፒከሩን ወደ ፊት ገፋ አድርጎ ማግኔቱን ከመስታወቱ ያርቀው ነበር። አዲሱን በቀጥታ ቆርቆሮው ላይ ያሰረ ሰው መስታወቱን ሲያወርድ ማግኔት ላይ ያጋጨዋል።

ስለዚህ መስታወቱን እስከ ታች አውርዱና ከቆርቆሮው እስከ መስታወቱ ያለውን ርቀት ለኩ። አብዛኛው የ6.5 ኢንች ሚድባስ ከ55 እስከ 75 ሚሊ ሜትር ጥልቀት ይፈልጋል፤ ከማግኔቱ ጀርባ ቢያንስ 5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ይቅር። ከጎደለ ከ18 እስከ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቀለበት ከሥሩ ይገባል። ቀለበቱ ከኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ጣውላ) ከተሠራ ሁሉም ገጹ፣ የቪቴ ቀዳዳው ሳይቀር፣ ቫርኒሽ ይቀባ። በክረምት በር ውስጥ ውሃ ይወርዳል፤ ያልተቀባ ኤምዲኤፍ ያብጥና ቪቴው ይላላል። ከጠንካራ ፕላስቲክ የተቆረጠ ቀለበት ከተገኘ እሱ ይሻላል። ወደ ፊት ያለውንም መለካት አትርሱ፦ ቀለበቱ የገፋው ስፒከር ጠርዙ የበሩን ሽፋን ከነካ ባስ በመጣ ቁጥር ይንጫጫል።

አሁን ወደ ኃይሉ። ቴፕ ላይ «50 ዋት በ4» (ለአራቱም ቻናል 50 ዋት) ተብሎ የሚጻፈው ለቅጽበት የሚወጣ ከፍተኛ ቁጥር ነው። ያለማቋረጥ የሚሰጠው፣ አርኤምኤስ የሚባለው፣ በአንድ ቻናል ከ14 እስከ 22 ዋት አካባቢ ነው። በዚህ ኃይል ለሚነዳ ስፒከር ትልቁ ጉዳይ ሴንሲቲቪቲ ነው፤ በአንድ ዋት፣ በአንድ ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል (የጩኸት መለኪያ) ያወጣል የሚለው። ሒሳቡን እዩት፦ 88 ዴሲቤል የሆነ ስፒከር 50 ዋት ሲሰጠው ወደ 105 ዴሲቤል ይደርሳል፤ 92 የሆነው ግን 25 ዋት ብቻ አግኝቶ ወደ 106 ይወጣል። ግማሹን ኃይል ወስዶ የበለጠ ይጮኻል። በቴፕ ብቻ የምትነዱ ከሆነ ከ90 በታች የሆነ ስፒከር አትግዙ። ከባድና ውድ የሆኑ ብዙ ሚድባሶች 87 እና 88 አካባቢ ናቸው። ለአምፕሊፋየር የተሠሩ ስለሆኑ ቴፕ ላይ ሲታሰሩ ድምፃቸው ይሞታል፤ ከዚያ ስፒከሩ ይወቀሳል።

ይህን ቁጥር ስታነቡ የተለካበትን ተመልከቱ። አንዳንዱ አምራች በ1 ዋት ይለካል፣ ሌላው በ2.83 ቮልት። 2.83 ቮልት በ4 ኦም (ስፒከሩ ለኤሌክትሪክ ያለው መቋቋም) ላይ 2 ዋት ነው፤ ስለዚህ በቮልት የተለካው 3 ዴሲቤል ጨምሮ ይታያል። በቮልት 92 የተባለው በዋት 89 ነው ማለት ነው። ኦሙንም እዩ፦ ጄቢኤልና ኢንፊኒቲን የመሳሰሉት 3 ኦም የሆኑ ሞዴሎች አሏቸው። ቴፑ ወይም አምፑ ከ4 ኦም በታች እንዲሠራ ካልተፈቀደለት ይግላል።

ሱቅ ውስጥ ሆናችሁ በእጃችሁ የምትፈትሹት ነገር አለ። ቴስተር ይዛችሁ ግቡ። ጤነኛ የ4 ኦም ሚድባስ ከ3.2 እስከ 3.7 ኦም ያነባል። ሽቦው ላይ ካፓሲተር (ዝቅተኛውን ድምፅ የሚያግድ ትንሽ ዕቃ) ያለበት ትዊተር ምንም አያነብም፤ ተቃጥሏል ብላችሁ አትመልሱት። የሚድባሱን ኮን (የሚርገበገበውን ፊቱን) በሁለት በኩል በጣቶቻችሁ እኩል ገፋ አድርጉት፤ ሲሄድና ሲመለስ የሚፋቅ ድምፅ ካለ ከኮኑ ጋር የተያያዘው ኮይል (የሽቦ ጥቅል) ማግኔቱን እየነካ ነው። ዙሪያው ላይ ያለው ጠርዝ ስፖንጅ ከሆነ እለፉት፤ ሙቀትና እርጥበት በጥቂት ዓመት ውስጥ ይበትነዋል፤ ላስቲክ ይሁን።

ከሁሉም በላይ ክሮስኦቨሩን ክፈቱ። አራት ቪቴ ነው። በደንብ የተሠራ ክሮስኦቨር ውስጥ በመዳብ ሽቦ የተጠቀለሉ ኮይሎችና ካፓሲተሮች ይታያሉ። ትልቅ ሣጥን ውስጥ አንዲት ካፓሲተር ብቻ ተቀምጣ ካገኛችሁ፣ ሚድባሱ ምንም ሳይጣራለት እስከ ላይ ድረስ ይጫወታል፤ ትዊተሩም ለሱ የማይሆነውን ዝቅተኛ ድምፅ በከፊል ይቀበላል። ቶሎ የሚቃጠሉት ትዊተሮች ብዙዎቹ እንዲህ ያሉት ናቸው። አስመስሎ የተሠራ ዕቃ የሚጋለጠውም እዚህ ላይ ነው፤ ውጪውን መቅዳት ቀላል ነው፣ ውስጡን ግን ወጪ ለመቀነስ ባዶ ያደርጉታል።

ትዊተሩ የሐር ዶም (ከሐር የተሠራ ጉልላት) ቢሆን ለረጅም መንገድ ጆሮ አያደክምም። አሉሚኒየምና ቲታኒየም ሹል ድምፅ አላቸው፤ መስታወት በበዛበት ጠባብ መኪና ውስጥ ለኔ ይበዛብኛል። ቦታው ግን ከማቴሪያሉ ይበልጣል። ትዊተሩና ሚድባሱ ድምፅ የሚቀባበሉት አብዛኛውን ጊዜ 3 ኪሎ ሄርዝ አካባቢ ነው፤ በዚያ ላይ የአንድ ሞገድ ርዝመት 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ሁለቱ በጣም ከተራራቁ የዘፋኙ ድምፅ ለሁለት የተከፈለ ይመስላል። ስፖኪዮው የተገጠመበት ቦታ ላይ ከውስጥ በኩል ያለው ሦስት ማዕዘን ፕላስቲክ ጥሩ መካከለኛ ቦታ ነው። ከፊት መስታወቱ ጎን ያለው ቋሚ ላይ ልትገጥሙ ከሆነ ሽፋኑ ላይ «ኤርባግ» የሚል ጽሑፍ መኖሩን እዩ። ካለ አትብሱት፣ ሽቦም ከኤርባጉ ፊት ለፊት አታሳልፉ።

ከበጀታችሁ ላይ ለበሩ የሚሆን ገንዘብ አስቀሩ። ሚድባሱ ከፊቱ የሚያወጣውና ከጀርባው የሚያወጣው ድምፅ ተቃራኒ ናቸው፤ ሽፋኑን ስታወልቁ በምታዩዋቸው ትልልቅ ቀዳዳዎች በኩል ሲገናኙ ባሱ ይጠፋል። ርካሽ ስፒከር በደንብ በታሸገ በር ላይ፣ ውድ ስፒከር ክፍት በሆነ በር ላይ ካለው የተሻለ ባስ ይሰጣል። ቀዳዳዎቹን በስስ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ዘግታችሁ በላዩ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የቡቲል (የሚለጠፍ ጎማ) ምንጣፍ ለጥፉ፤ በውጪው ቆርቆሮ ላይም ከስፒከሩ ጀርባ ጨምሩ። ለጣሪያ የሚሆነውን ሬንጅ አትጠቀሙ፤ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ ይቀልጣል፣ ይሸታል፣ መጨረሻም ወርዶ የመስታወቱን ማንሻ ይይዛል። የበሩ ታችኛ ጠርዝ ላይ ያሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች ግን ክፍት ይቅሩ፤ ከተደፈኑ በሩ ከውስጥ ይዝጋል። ክሮስኦቨሩንም በር ውስጥ አትክተቱት፣ ከዳሽቦርዱ ሥር ደረቅ ቦታ ይግባ።

ሽቦ ብዙ አያስጨንቅ። የፋብሪካው 0.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ለ3 ሜትር ርቀት የሚያጎድለው ግማሽ ዴሲቤል እንኳ አይሞላም። ፕላስና ማይነሱ ግን ይጠበቅ። ገጥማችሁ ስትጨርሱ ባስ ያለበት ዘፈን ክፈቱና ባላንሱን ሙሉ በሙሉ ወደ አንድ በር ውሰዱት። አንዱ በር ብቻውን ሲጫወት ባሱ ሁለቱ አብረው ሲጫወቱ ከነበረው ከጨመረ፣ የአንደኛው በር ሽቦ ተገልብጧል፤ በአንደኛው በር ብቻ ገልብጡት። ከዚያ ቴፑ ወይም አምፑ ላይ ሃይ ፓሱን (ዝቅተኛውን ድምፅ የሚቆርጠውን ማጣሪያ) 80 ሄርዝ ላይ አድርጉ። ሰብዉፈር (ለባስ ብቻ የሚሆን ስፒከር) ባይኖራችሁም ከ60 አታውርዱት። ትዊተሩ ከበዛባችሁ ደግሞ ከትሬብል በፊት ክሮስኦቨሩ ላይ ያለውን ማስተካከያ ወደ -3 ዴሲቤል አዙሩት።